አንዲት ፊደል ሳልለውጥ

ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ከፖስታ ቤት ስመለስ ዝናብ ያዘኝና ከአንድ ሱቅ በረንዳ ተጠልዬ ደብዳቤውን እዚያው ቆሜ አነበብሁት። ሁለት ገጽ ነው፤ ማኅተም አለው። የላከው «የጎረቤት ቁልፍ» የተባለውን የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ በአዲስ አበባ የሚያዘጋጀው ድርጅት ነው። እኔና የልጅ ልጄ ሮሆቦት ስለዚህ ድራማ በከፈትነው ድረ ገጽ ላይ የተዋንያኑን ንግግር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አውጥተናል፤ ይህም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅን ይጥሳል፤ በሠላሳ ቀን ውስጥ ካላነሣን የድረ ገጹ ባለቤት በፍርድ ቤት ይጠየቃል ይላል።

ደብዳቤው በፖስታ ሣጥኔ መምጣቱ የራሴው ሥራ ነው። ድረ ገጹ ሲከፈት ሮሆቦት «አባባ፣ ኢሜይል ይበቃል» ብላኝ ነበር። አድራሻ የሌለው ጽሑፍ የሐሜት ወረቀት ነው ብዬ የሣጥን ቁጥሬን ከገጹ ግርጌ ያስጻፍሁት እኔ ነኝ።

የሠራሁትን እንደ ሠራሁት እዚህ አሰፍራለሁ። እሑድ ማታ ድራማው ሲተላለፍ የሚነገረውን በእርሳስ እጽፋለሁ። ሮሆቦት ድምፁን በስልኳ ትቀዳልኛለች። ሰኞ ጠዋት ያመለጠኝን ከቅጂው እየሰማሁ እሞላለሁ፤ ማክሰኞ በብዕር ገልብጬ ለእሷ እሰጣታለሁ፤ እሷ በኮምፒውተር ጽፋ ድረ ገጹ ላይ ታወጣዋለች። እስካሁን ሠላሳ ስምንት ክፍል ወጥቷል። ይህን የማደርገው ለቋንቋው ስል ነው። የዛሬ ወጣት አማርኛ በወጉ ተጽፎ የሚያይበት ቦታ አጥቷል።

ደብዳቤውን መዝገበ ቃላቱ ውስጥ አስቀመጥሁት። በዚህ ቤት ያን መጽሐፍ ከእኔ በቀር የሚከፍት የለም።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ

መልሱን ጻፍሁ። ሦስት ጊዜ አርቅቄ በአራተኛው ረካሁ። ከፊሉን ለመታሰቢያ እዚህ እገለብጣለሁ፦

«እኔ በልጅነቴ በየኔታ እግር ሥር ተቀምጬ የተማርሁ ሰው ነኝ። በዚያ ትምህርት ቤት የመምህሩን ቃል አንዲት ፊደል አጉድሎ የመለሰ ተማሪ ምሳውን አይበላም ነበር። መጽሐፍ የሚገለብጥ ሰውም ከራሱ አንዳች ቢጨምር ከሌባ ይቈጠራል። ከዚያም ሠላሳ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተማርሁ። እኔ በሠላሳ ስምንቱ ክፍሎች ውስጥ ከጸሐፊያችሁ ቃል አንዲት ፊደል አልጨመርሁም፤ አንዲት ፊደል አልቀነስሁም። የሚጠራጠር ቢኖር ያስተያይ። በየክፍሉ መጨረሻም እንደ ገልባጮች ወግ ስሜን ጽፌ ስለ ስሕተቴ ይቅርታ ጠይቄአለሁ።»

በአደራ ደብዳቤ ላክሁት። ሲደርሳቸው የሚያፍሩ ይመስለኛል።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ክፍል ሠላሳ ዘጠኝ። ደበሌ ዛሬ የግቢውን ሰው ሁሉ አሳብዶ ዋለ። ደበሌ በድራማው ውስጥ የጎረቤቶቹን ሁሉ ትርፍ ቁልፍ በአደራ የያዘ ሰው ነው፤ መልስ ሲሉት ሁልጊዜ ምክንያት አያጣም። አራት ጊዜ ተቋረጥሁ፤ ሰው በሰው ላይ ሲናገር ለመጻፍ ያስቸግራል።

ባለቤቴ ፅጌ ከጎኔ ተቀምጣ የተዋንያኑን ከንፈር ታያለች። ጆሮዋ ከደከመ አራት ዓመት ሆነ። የጆሮ መሣሪያም ተገዝቶላት ነበር፤ «ወፍጮ ቤት ውስጥ ያለሁ መሰለኝ» ብላ መሳቢያ ውስጥ ጣለችው። ሰኞ ደብተሬን ተቀብላ ታነባለች፤ ያኔ ትስቃለች። ስለዚህ በእኛ ቤት አንድ ቀልድ ሁለት ጊዜ ይሳቅበታል፤ ሮሆቦት እሑድ፣ ፅጌ ሰኞ።

ይህ እንኳ ያጋጠመ ነገር ነው። ለአንድ ሰው ተብሎ ድረ ገጽ አይከፈትም።

ሐምሌ 8፣ ማክሰኞ

ሮሆቦት ከሥራ ስትመለስ «ክፍል ሠላሳ ዘጠኝ አላለቀም» አልኋት። አልቆ ነበር። በሰባ አምስት ዓመቴ ዋሸሁ። እሷም «አይቸኩሉ፣ አባባ» ብላ አለፈች። ሌላ ጊዜ ማክሰኞን አታሳልፈኝም ነበር።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ደብዳቤውን ለማስባዛት ባህል አዳራሽ ሰፈር ወዳለው ወደ አስማ ኮፒ ቤት ሄድሁ። አስማ እንዳታነበው ብዬ ወረቀቱን እኔው በማሽኑ ላይ አጋደምሁት። ባዶ ወረቀት ወጣ።

«ጋሼ፣ በጀርባው እኮ ነው ያስቀመጡት» አለችና ገለበጠችው። ስትገለብጠው ማኅተሙን አየች፤ ከዚያ ሁሉንም አነበበች። «ለዚህ ነው የደነገጡት? እኔ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ የተማሪውን መጽሐፍ ከሽፋን እስከ ሽፋን አወጣለሁ። ማን ምን አለኝ?»

ተራ ይጠብቅ የነበረ አንድ ጎረምሳ፣ «አንቺ ስምሽን አትጽፊበትማ» አላት። «ደግሞ ቅጣቱ አምስት ዓመት ነው አሉ።»

«ዝም በል፣ ሰውየውን አታስደንግጥ!»

አልደነገጥሁም። ይሁን እንጂ ሰባ አምስትና አምስት ስንት እንደሚሆን መንገዱን ሙሉ ስደምር ቤቴ ደረስሁ።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

መልስ መጣ። አጭር ነው። «ድርጊቱን ምንም ሳይለውጡ መፈጸምዎን በፊርማዎ ስላረጋገጡልን እናመሰግናለን» ይላል። ከዚህ በታች የሚከሰሰው ሰው ስም ተጽፏል፦ ወ/ት ሮሆቦት ፍቅሬ ገብረጻድቅ። ድረ ገጹ የተመዘገበው በእሷ ስም ነው።

የእሷ ስም፣ የልጄ ስም፣ የእኔ ስም፤ ሦስቱም በአንድ መስመር ላይ። አምስት ዓመቱን ለራሴ ስደምር ሰነበትሁ። ልጅቱ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሥራ ከያዘች ሦስት ወሯ ነው፤ ገና በሙከራ ላይ ናት።

ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ምሳ ላይ ፅጌ፣ «አንተ ሰውዬ፣ መዝገበ ቃላቱ ምን አድርጎህ ነው?» አለችኝ።

«ምን አደረግሁት?» ብዬ ጮህሁ፤ ለእሷ ካልጮሁላት አይሰማትም።

«በቀን አሥር ጊዜ ከፍተህ ትዘጋዋለህ። የጠፋህ ቃል አለ?»

የማይሰማ ሰው ሁሉን ያያል።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ክፍል አርባ አንድ። እርሳሱን ጠረጴዛ ላይ አኑሬ ዝም ብዬ ተቀመጥሁ። ፅጌ አነሣችና እጄ ላይ መለሰችው። ጻፍሁ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

በከተማችን ይህን ሕግ ጠንቅቆ የሚያውቅ ጠበቃ በርናባስ ነው አሉ። እሱ ዘንድ አልሄድም።

ምክንያቱን ልጻፈው። በርናባስ ተማሪዬ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍል ሳለ፣ ስለ ሐይቁ ዳር ጠዋት ድርሰት ጻፉ ብላቸው፣ የጎኑን ልጅ ድርሰት ገልብጦ አመጣ። በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ከዘጠኝ መቶ ተማሪ ፊት አውጥቼ አንበረከክሁት። «ኩረጃ የሌብነት ታናሽ ወንድም ነው» ብዬም ተናገርሁ። ከዚያም ድርሰቱን በራሱ ቃል እንደ ገና እንዲጽፍ አዘዝሁት። ጻፈ። መጥፎ አልነበረም። ይህን ግን አልነገርሁትም።

አሁን በየትኛው ፊቴ ነው የምሄደው?

ሐምሌ 23፣ ረቡዕ

ሄድሁ።

ቢሮው ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። «ጋሼ ገብረጻድቅ!» ብሎ ተነሣ፤ እስክቀመጥ ድረስም ቆሞ ጠበቀኝ። ጠጕሩ ሸብቷል። የድርጅቱን ደብዳቤ በዝግታ አነበበ። የእኔን መልስ ሲያነብ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ጋሼ፣ ይህን በእጅዎ ጻፉት?»

«በማን እጅ ልጻፈው?»

«በአደራም ላኩት?»

«እንዳይጠፋ ነው።»

«እንዲህ ያለ ማስረጃ ፖሊስ እንኳ አግኝቶ አያውቅም!»

ከዚያ ሕጉን አስረዳኝ። ድራማው ምን እንደ ሆነ በራስ ቃል መናገር፣ ማመስገን፣ መንቀፍ ይቻላል። ምንጩን ጠቅሶ አጭር ጥቅስ መውሰድም ይቻላል። ለባለቤቴ በደብተር መጻፌን ማንም ጉዳዬ አይለውም፤ የቤት ነገር ነው። ሙሉውን ቃል በቃል አውጥቶ ለሕዝብ ማቅረብ ግን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይሆንም።

«ታማኝነቴስ?» አልሁት። «አንዲት ፊደል እንኳ እኮ…»

«እሱ እኮ ነው ጥፋቱ፣ ጋሼ።»

ያ ሰልፍ ትዝ እንዳለው ፊቱ ላይ አየሁ፤ የእኔንም ሳያይብኝ አልቀረም።

«እኔ ያኔ ሁለት መስመር ለውጬ ነበር» አለኝ። «እርስዎ አንድም አልለወጡም!»

ተቈጣሁ። ልነሣ ከዘራዬን ያዝሁ። እንዴት እንደ ሆነ አላውቅም፣ ከዘራውን እንደ ያዝሁ ሳቅ አሸነፈኝ። እሱም ሳቀ። የቢሮው ጸሐፊ በሩን ከፍታ አየችን።

ስወጣ ክንዴን ደግፎ፣ «ዛሬውኑ ለልጅቱ ይንገሯት፤ ጽሑፎቹም ይነሡ። የቀረውን እኔ እይዘዋለሁ» አለኝ። ዛሬ ግን አልነገርኋትም። ነገ።

ሐምሌ 24፣ ሐሙስ

ሮሆቦትን ከሥራ እንደ ገባች አስቀመጥኋትና ሁለቱንም ደብዳቤዎች ፊቷ አኖርሁ። አንብባ ሳትጨርስ ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ። ይኸው ማስጠንቀቂያ በኢሜይል ደርሷታል፤ ሰኔ ሃያ!

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለደም ግፊትዎ ፈርቼ ነዋ። ማንሣቱ ደቂቃ አይፈጅም፤ ለእርስዎ መንገሩ አቃተኝ። ይቅርታ ጠይቄ ጊዜ ስጡኝ ብዬ እየለመንኳቸው ነበር።»

የመልሴን ግልባጭ ሰጠኋት። «አንዲት ፊደል» ከሚለው ስትደርስ ወንበሩ ላይ በጀርባዋ ተዘረረች።

«አባባ! እኔ ተንበርክኬ እለምናለሁ፣ እርስዎ ይፎክሩባቸዋል! አሁን እነዚህ ሰዎች ስለ ቤተሰባችን ምን ይላሉ?»

ፅጌ ምን ተባለ ብላ ጠየቀች። ሮሆቦት በወረቀት ጻፈችላት። ፅጌ አንብባ፣ «ኧረ እኔ ደብዳቤውን ካየሁት ሁለት ሳምንት ሆነኝ» አለች።

ሠላሳ ስምንቱን አንድ በአንድ አነሣናቸው። ቁጥሩን የምጠራው እኔ ነበርሁ።

ሐምሌ 26፣ ቅዳሜ

ከድረ ገጹ አንባቢዎች የመጣውን መልእክት ሮሆቦት አነበበችልኝ። አንዲት የቡሹሎ ጤና ጣቢያ ነርስ፣ ጆሯቸው የደከመ አባቷ ሰኞ ሰኞ ከእሷ ስልክ እንደሚያነቡ ጽፋለች። አንዲት ሌላ፣ «አማርኛ አፌን የፈታሁበት አይደለም፤ ሲናገሩት ይፈጥንብኛል፣ ሲጻፍ ግን እደርስበታለሁ፤ የት ሄዳችሁ?» ትላለች። ከመጡት አሥራ ስድስት መልእክቶች አንዱ ስንኳ ስለ ቋንቋው ውበት አላነሣም።

ርእሱን ወደ ዝናቡ ለወጥሁት።

ሐምሌ 28፣ ሰኞ

የትናንቱን ክፍል በራሴ ቃል ለመጻፍ ሞከርሁ። ሰው ባለው ላይ ሳልደገፍ አንድ ገጽ መሙላት እንዲህ እንደሚከብድ ለካ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሌላውን ሳዝዝ አላወቅሁም። በመጨረሻ አንድ ገጽ ተኩል ሞላሁና ለፅጌ ሰጠኋት።

አንብባ አጣጥፋ መለሰችልኝ። «ሰዎቹ የት ሄዱ?»

«የትኞቹ?»

«ደበሌ ምነው ሰባኪ ሆነ? ሁሉም እንደ አንተ ነው የሚያወሩት።»

ሐምሌ 30፣ ረቡዕ

በርናባስ ለድርጅቱ የሚላከውን ደብዳቤ አዘጋጅቷል። ጽሑፎቹ መነሣታቸውን፣ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የልጅቱ አለመሆኑን ይገልጻል። አንድ ቦታ ባዶ ትቷል፤ ለምን እንደ ጻፍሁት ምክንያቱን በእጄ እንድሞላ። «ለቋንቋችን ዕድገትና ለትውልድ መታነጽ በማሰብ» ብዬ ሰጠሁት።

ብዕሩን አንሥቶ ሰረዘው። የእኔን ጽሑፍ የሰረዘ ሰው ከየኔታ ወዲህ አላውቅም።

«ይህን ከማን ገለበጡት፣ ጋሼ?»

«ከማንም!»

«የስብሰባ መክፈቻ ንግግር ይመስላል። በራስዎ ቃል ይጻፉልኝ።»

ሌላ ባለጉዳይ አስገብቶ እኔን ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ አስቀመጠኝ። እንደ ተማሪ ተቀመጥሁ። ባለጉዳዩ ጨርሶ ሄደ፤ ሌላ ገባ፤ እሱም ሄደ። ከዚያ ይህን ጻፍሁ፦

«ባለቤቴ አትሰማም። እሑድ ማታ ሰው ሲስቅ ብቻዋን እንዳትቀር ብዬ ጻፍሁት። እንደ እሷ ያሉ ሌሎች እንዳሉ በኋላ ዐወቅሁ።»

በርናባስ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። «አሁን ይሄዳል» አለ።

አንድም እርማት አላገኘበትም።

ነሐሴ 2፣ ዓርብ

ዛሬ ሠላሳ ቀን ሞላ። ስልክ የለም። ደብዳቤ የለም። ፖስታ ቤት ሁለት ጊዜ ሄድሁ።

ነሐሴ 9፣ ዓርብ

ምንም። ሮሆቦት በመሥሪያ ቤቷ የአለቃዋ በር በተከፈተ ቍጥር ትደነግጣለች። ይህን ለእኔ አልነገረችኝም፤ ለእናቷ በስልክ ስትነግር ሰማሁ። ልጅቱ ሥራ ብታጣ በእኔ ኵራት ነው። ከጻፍሁት ይልቅ ዝም ማለት የነበረብኝ ይበዛል።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ይህን ዛሬውኑ መጻፍ አለብኝ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። «አባቴ፣ ሂሩት እባላለሁ። የጎረቤት ቁልፍን የምጽፈው እኔ ነኝ።»

ብድግ አልሁ። ስልክ ላይ መሆኔን ረስቼ ባርኔጣዬንም አወለቅሁ።

«መጀመሪያ የጻፉት ደብዳቤ በጣም ነው ያናደደኝ» አለች። «"ከጸሐፊያችሁ ቃል አንዲት ፊደል" ይላሉ። ግማሹ እኮ የኔ ቃል አይደለም! ደበሌ ሆኖ የሚጫወተው ሰውዬ የጻፍኩለትን ተናግሮ አያውቅም፤ ካሜራ ሲነሣ የራሱን ያወራል። ይስሙኝማ፣ ክፍል አሥራ አራት ላይ ስለ በር የተናገራት ነገር ነበረች…»

«"ቁልፉን የሰጠኝ ሰው በሩን አይዘጋብኝም"» አልኋት። «ሦስተኛው ደብተር ውስጥ አለ።»

ከዚያ ነገሩን ገለጸችልኝ። በአዲሱ ዓመት ድራማው ለማይሰሙ ሰዎች ከሥዕሉ ግርጌ ጽሑፍ ይዞ እንዲቀርብ ወስነዋል። ያለፉትም ክፍሎች እንደ ገና ይተላለፋሉ። ነገር ግን በእጃቸው ያለው ሰዎቹ መናገር የነበረባቸው እንጂ የተናገሩት አይደለም። የተናገሩት ተጽፎ ያለው በእኔ ደብተሮች ውስጥ ብቻ ነው። ደብተሮቹን ካዋስኋቸው ጽሑፉን ከእነሱ ይሠራሉ፤ የአዲሶቹንም ክፍሎች ጽሑፍ ከመተላለፋቸው በፊት በወረቀት አያለሁ። ክሱ ይቀራል። ድረ ገጹም በራሳችን ቃልና በአጭር ጥቅስ ይቀጥላል።

«እነዚያን ሦስት መስመሮች ለቡድኑ አነበብኩላቸው» አለች በመጨረሻ። «ደበሌ እንኳ ዝም አለ።»

«በጽሑፍ ይሁን፤ በአደራም ይላክልኝ» አልኋት። ሳቀች። ቀልዴን አልነበረም።

ለሮሆቦት ደወልሁላት። መጀመሪያ ስሟን ብቻ ደጋገምሁ፤ «አባባ? ምን ሆኑ? አባባ!» እስክትል አስደነገጥኋት። ስነግራት ከቢሮ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አለቀሰች፤ አለቃዋም አጠገቧ መጥቶ «ምን ሆንሽ?» ሲላት በስልኩ ይሰማኝ ነበር። «ምንም፣ ደስ ብሎኝ ነው» አለችው።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ስለ ደበሌ በራሴ ቃል አንድ ገጽ ጻፍሁ። ፅጌ «ይሻላል» አለች።

ነሐሴ 27፣ ማክሰኞ

ወረቀቱ በአደራ መጣ። በርናባስ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ እኔ አምስት ጊዜ። ወ/ት ሮሆቦት ፍቅሬ ገብረጻድቅ ከማናቸውም ጥያቄ ነጻ መሆኗ ተጽፏል። ሦስቱም ስሞቻችን እንደ ገና በአንድ መስመር ላይ አሉ፤ እንደ በፊቱ ግን አይከብዱም። ፈረምሁ።

ስወጣ ለበርናባስ፣ «ያ ሁለተኛው ድርሰትህ መጥፎ አልነበረም» አልሁት።

«የቱ ድርሰት?»

«ታውቀዋለህ።»

«ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አቆዩኝ እኮ፣ ጋሼ» አለ፤ የቢሮውን በር ይዞ እንደ ቆመ።

መስከረም 11 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ

ዛሬ አዲሱ ምዕራፍ ተጀመረ። ድራማው ከሚጀምርበት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት ሁላችንም ተቀምጠን ነበር። እኔ ከልማድ እርሳስና ደብተር ይዣለሁ።

ደበሌ ብቅ አለ፤ ተናገረ። ቃሉም ከሥሩ በነጭ ፊደል ተጻፈ። ደበሌ ገና አፉን ሳይዘጋ ፅጌ ሳቀች። ከሮሆቦት ጋር እኩል ሳቀች፤ ሰኞን አልጠበቀችም። ሮሆቦት ሳቋን አቋርጣ እሷን አየቻት፤ ከዚያ እኔን አየች። እኔ ደብተሩን አየሁ። ባዶ ነበር፤ የሚጻፍም ነገር አልነበረውም። ዘጋሁትና ቀና አልሁ።

የደበሌ ግንባር ላይ ጠባሳ አለ። አንድ ዓመት ሙሉ ቃሉን ስጽፍለት ኖሬ ጠባሳውን አላየሁትም። ግቢው ውስጥም የብርቱካን ዛፍ አለ።

«ይህ ጠባሳ መቼ መጣ?» ብዬ ለፅጌ ጮህሁ።

ዐይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳታነሣ፣ «ሁልጊዜም ነበረው» አለችኝ። «አንተ አንገትህን አቀርቅረህ ለእኔ ስትጽፍ ነው ያላየኸው።»